የቀለም ዳኛ የነበረው ሊቅ፤ ሚሼል ኤዠን ሼቭረል

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳለን ከጥቂት ጓደኞቻችን ጋር ሆነን አንዲት አነስተኛ መጽሔት እናዘጋጅ ነበር። ለአንደኛው እትም ሽፋን የመረጥነው ፎቶግራፍ በኮምፒዩተራችን ስክሪን ላይ ሲታይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የሰዎቹም ፊት ብሩህ ነበረ። መጽሔቲቱ ታትማ ስትመጣ ግን ሰማዩ ወደ ሐምራዊ አድልቶ፣ የሰዎቹም ፊት ጠቍሮ አገኘነው። እኛም ነገሩን ሳንመረምር ወደ ማተሚያ ቤቱ ገሥግሠን አታሚውን ወነጀልናቸው፤ ቀለም ቈጥበዋል ብለን አማናቸው፤ ገንዘባችንም እንዲመለስልን ጠየቅን። አታሚው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩና አልተቈጡም። ሽፋኑን ይዘው ወደ ደጅ ወጡና በቀን ብርሃን አሳዩን፤ ቀጥለውም ሥራውን የሠራነው በቀን ይሁን በሌሊት፣ የስክሪናችንም ብርሃን ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ነበረ ጠየቁን። የሠራነው በሌሊት፣ መብራቱ በጠፋ ክፍል፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገን ነበር። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛ እንደ ነበረ በተረዳን ጊዜ ያፈርነውን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር እየፈለግን ስናነብ ጠባችን አዲስ ጠብ እንዳልሆነ ተገነዘብን። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በፓሪስ ከተማ ይህን የመሰለ ክስ ተነሥቶ ነበር። የተከሰሱት ቀለም ነካሪዎች ናቸው፤ የክሱም ምክንያት ጥቁሩ ቀለም በሚገባ አልጠቈረም የሚል ነበረ። ነገሩን እንዲያጣራ የተሾመው የኬሚስትሪ ሊቅ ግን ነካሪዎቹን ከመፍረዱ በፊት ዓይንን ራሱን ለምርመራ አቀረበው። በአገራችን ትምህርት ፈጥኖ የሚገባውን ሰው የቀለም ቀንድ እንለዋለን፤ ይህ ሰው ስሙ በሁለቱም ትርጕም ይገባዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የእሱን የሕይወት ታሪክ ነው። ዘመኑንም ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሚሼል ኤዠን ሼቭረል በፈረንሳይ አገር አንዤ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 31 ቀን 1786 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ በከተማው የታወቀ ሐኪም ነበረ። ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ታላቁ የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ሁለት ልጃገረዶች በአደባባይ በጊዮቲን ሲቀሉ አይቶ ነበርና ያ ትዕይንት እስከ እርጅናው ድረስ ከሕሊናው አልጠፋም። ትምህርቱን በዚያው በተወለደበት ከተማ ተከታትሎ በ1803 ዓ.ም.፣ የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ኬሚስትሪ ሊማር ወደ ፓሪስ ሄደ።

በፓሪስ የተቀበለው መምህር በዚያ ዘመን ስሙ የታወቀው ኬሚስት ቮክለን ነበረ። ቮክለን ወጣቱን በቤተ ሙከራው አስገብቶ ከዕፀዋት የሚወጡ የመንከሪያ ቀለሞችን እንዲመረምር አደረገው። ያን ጊዜ ዛሬ በፋብሪካ የሚሠሩት ቀለሞች አልነበሩም፤ ሰማያዊው ከኢንዲጎ ቅጠል፣ ቀዩና ሐምራዊው ከእንጨትና ከሥር፣ ብጫውም ከቅርፊት ይወጣ ነበር። ሼቭረል ከእነዚህ ዕፀዋት ውስጥ ቀለሙን የሚሰጠውን ነገር አንድ በአንድ እየለየ ማውጣት ተማረ። ይህ ሥራ ለኋለኛው ዕድሉ በር ከፋች ሆነለት።

ሆኖም በመጀመሪያ ዝና ያተረፈለት ቀለም ሳይሆን ሞራ ነው። በ1811 ዓ.ም. አንድ ዓይነት ሳሙና እንዲመረምር ተሰጠው። እሱም ሳሙናውን በውሃ ሲያሟሟው እንደ ዕንቍ የሚያበራ ነገር ተለይቶ ሲወጣ አየ። ከዚህች ትንሽ ነገር ተነሥቶ ከአሥር ዓመት በላይ ከደከመ በኋላ፣ ሞራና ቅባት ሁሉ ከልዩ ልዩ አሲዶችና ግሊሰሪን ከሚባለው ጣፋጭ ነገር የተዋሐደ መሆኑን አስረዳ። ውጤቱንም በ1823 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። በ1825 ዓ.ም. ደግሞ ጌ ሉሳክ ከሚባለው ሊቅ ጋር ሆኖ ከሞራ በተለየ አሲድ ሻማ የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ለሁለቱ ሊቃውንት ንግዱ አልቀናቸውም፤ ከእነሱ በኋላ የተነሡ ሰዎች ግን ዘዴውን አሻሽለው ፋብሪካ አቆሙበት። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ድኻው የሚያበራው የሞራ ሻማ የሚጨስና የሚገማ ነበረ፤ ጥሩ የሰም ሻማ የባለጠጋና የቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበረ። ንጹሕ ብርሃን ወደ ድኻው ቤት የገባው በዚህ ሰው ምርምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1815 ዓ.ም. በስኳር በሽታ የታመመ ሰው ሽንት ውስጥ ያለው ስኳር ከወይን ስኳር ጋር አንድ መሆኑን ያስረዳውም እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በፓሪስ ከተማ ጎብለን የሚባል የታወቀ የሽመና ድርጅት አለ። ስሙን ያገኘው በ15ኛው መቶ ዘመን በዚያ ሥፍራ ቀለም ይነክሩ ከነበሩ ቤተ ሰቦች ሲሆን፣ በ1662 ዓ.ም. በሉዊ 14ኛ ዘመን የንጉሡ ድርጅት ሆነ። የጎብለን ሸማኔዎች ሥራ ተራ ጨርቅ መሥራት አልነበረም፤ ሠዓሊ በዘይት ቀለም የሣለውን ሥዕል እያዩ ያንኑ በበግ ጠጕር ክር ሸምነው ለቤተ መንግሥት የግድግዳ ጌጥ ማድረግ ነበር። አንባቢያችን እዚህ ላይ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ነገር አለ፤ ይህ ሥራ ዛሬ በስክሪን የታየውን ሥዕል በወረቀት ከማተም ጋር በጠባዩ አንድ ነው። ሥዕሉ በአንድ ነገር ተሠርቶ በሌላ ነገር ሊገለበጥ ነው፤ ዘይቱ የራሱ ብርሃን አለው፤ ክሩም የራሱ፤ ተመልካቹ ግን ሁለቱ አንድ ሆነው እንዲታዩት ይፈልጋል።

ሼቭረል በ1824 ዓ.ም. የዚህ ድርጅት የቀለም መንከሪያ ክፍል ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ። ሥራውን እንደ ጀመረም በመንከሪያው ክፍል ላይ ብዙ አቤቱታ ተጠራቅሞ ቆየው። አንዳንዱ አቤቱታ ቀላል ሰማያዊው፣ ሐምራዊው፣ ግራጫውና ቡናማው ቀለም ቶሎ ይለቃል የሚል ነበረ። ሌላው ደግሞ የሰማያዊና የሐምራዊ ልብስ እጥፋትን ለማጥቈር የሚያገለግለው ጥቁር ክር ኃይል የለውም፣ ሲሸመንም ደብዝዞ ይታያል የሚል ነበረ። ሌላ ሹም ቢሆን ኖሮ ነካሪዎቹን ጠርቶ በተቈጣ፣ ደመወዝም በቀጣ ነበር። ሼቭረል ግን ክሱን ሁሉ በአንድ ላይ አላየውም፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ እያንዳንዱን በየራሱ መረመረ።

ስለ መልቀቅ የቀረበው አቤቱታ እውነት ሆኖ አገኘው። ይህ የኬሚስትሪ ጉድለት ነበረና መድኃኒቱን በኬሚስትሪ ፈለገለት። ስለ ጥቁሩ ክር የቀረበውን ሲመረምር ግን ነገሩ ሌላ ሆነበት። በፈረንሳይ ካሉት ከታወቁት መንከሪያዎች፣ ከለንደንና ከቪየናም ሳይቀር በጥቁር የተነከረ የበግ ጠጕር ክር አስመጥቶ ከጎብለን ክር ጋር ጎን ለጎን አነጻጸረው። የጎብለን ጥቁር ከሌሎቹ ምንም የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ክሩ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ጥቁር ከሆነ፣ ተሸምኖ ሲታይ የሚያደበዝዘው ምንድን ነው? መልሱ በክሩ ውስጥ አልነበረም፤ በአጠገቡ ባለው ክር ነበረ። ጥቁሩን ያደከመው ጎረቤቱ የነበረው ሰማያዊና ሐምራዊ ነው። ከዚህ ላይ ሼቭረል ችግሩ የመንከሪያው ጋን ሳይሆን የተመልካቹ ዓይን መሆኑን ተረዳ።

ነገሩን በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት እንሞክር። ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሆነው ባንድ ጊዜ ሲታዩ፣ ዓይናችን ልዩነታቸውን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳየናል። ብሩሁ የበለጠ ብሩህ፣ ጨለማውም የበለጠ ጨለማ ይመስላል። ከዚህም በላይ አንደኛው ቀለም በጎረቤቱ ላይ የራሱን ተቃራኒ ይረጭበታል፤ ቀይ በጎረቤቱ ላይ አረንጓዴነትን፣ ሰማያዊ ብርቱካንማነትን፣ ሐምራዊም አረንጓዴ ያለበት ብጫነትን ያመጣል። ስለዚህ ጥቁር ክር በሰማያዊ አጠገብ ሲቆም ብርቱካንማ ጥላ ይወድቅበትና ያረጀ፣ የነተበ ይመስላል። አንባቢያችን ይህን ለመፈተን ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ቈርጦ አንዱን በቀይ ጨርቅ፣ ሌላውን በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ያኑር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ከአንድ ወረቀት የተቈረጡ መሆናቸውን ይጠራጠራል።

ሼቭረል ይህን ካወቀ በኋላ በቀለም ምክንያት የሚጣሉ ሰዎች ወደ እሱ ይመጡ ጀመር። ከእነዚህም አንዱ ጠብ የኅትመት ጠብ ስለ ነበረ ልንተርከው ይገባል። ጨርቅ ነጋዴዎች ቀይ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ጨርቅ ለአታሚዎች ሰጥተው ጥቁር ጌጥ እንዲታተምበት አዘዙ። ሥራው አልቆ ሲረከቡ ግን በቀዩ ላይ የታተመው አረንጓዴ፣ በሐምራዊው ላይ ያለው ወደ ብጫ ያደላ አረንጓዴ፣ በሰማያዊው ላይ ያለውም መዳብ የመሰለ ሆኖ ታያቸው። አታሚዎቹ ያታለሏቸው መስሏቸው ተጣሉ። ሼቭረል ነጭ ወረቀት በጌጡ ቅርጽ ልክ ቀዶ መደቡን ሸፈነውና ጌጡን ለብቻው አሳያቸው፤ ጌጡ ንጹሕ ጥቁር ነበረ። በአንዲት የተቀደደች ወረቀት ብዙ ጠብ በረደ። አታሚዎቹም ከሐሰት ክስ ዳኑ።

ሌላም ምክር ለነጋዴዎች ሰጥቷል። ለአንድ ገዢ አሥራ አራት ቀይ ጨርቆች በተከታታይ ቢታዩት የመጨረሻዎቹ ስድስት ሰባቱ የደበዘዙ ይመስሉታል፤ ጨርቁ ተበላሽቶ ሳይሆን ዓይኑ ቀይ ከማየት የተነሣ ደክሞ ነው። መድኃኒቱም በመካከሉ አረንጓዴ ጨርቅ አሳይቶ ዓይኑን ማሳረፍ ነው። እናቶቻችን ከሱቅ ጨርቅ ሲገዙ ሳይከፍሉ በፊት ወደ ደጅ አውጥተው በፀሐይ የሚያዩት፣ ይህን መጽሐፍ አንብበው ሳይሆን የሱቅ መብራት እንደሚያታልል በልምድ ስለሚያውቁ ነው።

ሼቭረል ምርምሩን ሁሉ ሰብስቦ ስለ ቀለሞች ባንድነት መለያየት ሕግ የሚናገረውን ትልቅ መጽሐፉን በ1839 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ለሸማኔ፣ ለሠዓሊ፣ ለአታሚ፣ ለአትክልተኛና ለልብስ ሰፊ ሳይቀር የሚሆን ምክር ነበረበት። ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ዦርዥ ሱራ ያሉ ሠዓሊዎች፣ ቀለምን በሰሌዳ ላይ ከመቀላቀል ይልቅ በትንንሽ ነጥብ ጎን ለጎን እያኖሩ ተመልካቹ በዓይኑ እንዲያዋሕደው ሲያደርጉ ከዚህ መጽሐፍ ተምረዋል።

ነገር ግን ሊቁ አንድ ችግር ገና ቀርቶት ነበር። ይኸውም የስም ችግር ነው። አንዱ ሰማያዊ ሲል ሌላው ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደ ሆነ በምን ያውቃል? የሰማይ፣ የባሕር፣ የአበባ ብሎ መጥራት ለግጥም ይበቃል እንጂ ለሥራ ትእዛዝ አይበቃም። ስለዚህ ሼቭረል ቀለሞችን በክበብ ደርድሮ በ72 ከፈላቸው፤ እያንዳንዱንም ከነጭ እስከ ጥቁር ባሉት ደረጃዎች፣ ደግሞም ጥቁር በተቀላቀለበት መጠን አባዝቶ ከ14,000 በላይ ለሆኑ ቀለሞች መጠሪያ ቍጥር አበጀ። ይህንም ሥራ በ1861 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣው። ከዚያ በኋላ በፓሪስ ያለ ሰው ቍጥር ጽፎ ቢልክ በሩቅ ከተማ ያለው ነካሪ የተፈለገውን ቀለም እንዲያገኝ ነበር ሐሳቡ። ቀለምን ከአፍ ወሬ አውጥቶ ወደ ልክና ቍጥር ማግባት፣ ዛሬ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች የቀለም አስተዳደር የሚሉት ነገር መሠረቱ ይህ ነው።

የዚህ ሰው ጠባይ በቀለም ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በዘመኑ ብዙ ሰዎች በክር የታሰረ ቀለበት በእጃቸው አንጠልጥለው ሲወዛወዝ ምሥጢራዊ ኃይል አለው ይሉ ነበር። ሼቭረል ነገሩን በራሱ እጅ ሞከረው፤ እውነትም ተወዛወዘ። እሱ ግን ዓይኑን አሳስሮ ደገመው፤ ያን ጊዜ መወዛወዙ ቀረ። ስለዚህ ያወዛወዘው የገዛ ሐሳቡ ሳይታወቀው እጁን እያንቀሳቀሰ መሆኑን ለአምፔር በጻፈው ደብዳቤ በ1833 ዓ.ም. ገለጸ፤ በ1854 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ነገር ላይ መጽሐፍ ጻፈ። ሰው ሌላውን ሲመረምር የራሱን ዓይንና እጅ አብሮ መመርመር እንዳለበት ከእሱ የተሻለ ያስተማረ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ሊቅም ይሳሳታል። ሼቭረል እንደ ዘመኑ ሠዓሊዎች የቀለም ሁሉ ምንጭ ቀይ፣ ብጫና ሰማያዊ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ብርሃንን ከብርሃን ጋር መቀላቀልና ቀለምን ከቀለም ጋር መቀላቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በ1852 ዓ.ም. አጥርቶ ያስረዳው ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ ነው። በ1861 ዓ.ም. ደግሞ ስኮትላንዳዊው ማክስዌል በለንደን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ብቻ ባለቀለም ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ አሳየ። የእኛም የመጽሔት ጠብ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ስክሪን እንደ ማክስዌል ፋኖስ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይጨምራል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ነጭ ይሆናሉ። ወረቀት ግን ብርሃን የለውም፤ በላዩ የሚታተሙት ሲያን፣ ማጄንታ፣ ብጫና ጥቁር ቀለሞች ከወረቀቱ ከሚመለሰው ብርሃን ላይ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ስክሪን የሚያሳየው አንዳንድ ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ በወረቀት ላይ ፈጽሞ ሊገኝ አይችልም። የበግ ጠጕር ክር የዘይት ቀለምን ብርሃን ሁሉ ማምጣት እንዳልቻለ ማለት ነው።

ከሼቭረል ሞት በኋላ የእሱ ሐሳብ ብዙ ርቆ ሄዷል። በ1931 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን የብዙ ሰዎች ዓይን የሚያየውን አማካይ ወስዶ ቀለም ሁሉ በቍጥር የሚገለጥበትን ሥርዐት አወጣ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ስምንት ኩባንያዎች ተባብረው፣ እያንዳንዱ ስክሪንና ማተሚያ የቀለሙን ጠባይ የሚገልጽ መግለጫ እንዲኖረው የሚያደርገውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ አቋቋሙ። ይህ መግለጫ ፕሮፋይል ይባላል። አስተርጓሚ ሁለት ቋንቋ አውቆ ሁለት ሰዎችን እንደሚያግባባ፣ ኮምፒዩተሩም የስክሪኑንና የማተሚያውን ፕሮፋይል ይዞ ቀለሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ይተረጕማል።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ወይም የቀን መቍጠሪያ ሲያሳትም ቀለሙ የተለወጠበት ወጣት ምን ያድርግ? የሼቭረልን መንገድ ይከተል እንላለን፤ ማለትም ጥርጣሬውን አንድ በአንድ ይለይ። በመጀመሪያ ብርሃኑን ያጣራ። ለኅትመት ማያ የተወሰነው ዓለም አቀፍ ደረጃ 5000 ኬልቪን የሆነ ነጭ ብርሃን ነው፤ ብጫ አምፑል ሥር የታየ ወረቀት ሐሰት ይናገራል። በአንድ መብራት አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በሌላ መብራት ሊለያዩ እንደሚችሉም አይርሳ። ቀጥሎ አካባቢውን ይመልከት፤ በስክሪኑ ላይ ሥዕሉን የከበበው መደብና ከኋላው ያለው ግድግዳ ግራጫ ቢሆን መልካም ነው፤ ደማቅ ቀለም ከሆነ ግን ልክ እንደ ጎብለን ሰማያዊ ክር ዳኝነቱን ያጣምመዋል።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ይሂድ። ብዙ ስክሪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ብርሃናቸው ለኅትመት ሥራ ከሚገባው በላይ ነው። ለዚህ ሥራ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ይበቃል ይባላል፤ ካንዴላ የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ሻማ ማለት ስለ ሆነ የሻማው ሊቅ እዚህም አልተለየንም። ብርሃኑ ከፍ ብሎ የተስተካከለ ሥዕል በወረቀት ላይ ጨልሞ ይወጣል፤ የሰዎቻችንን ፊት ያጠቈረው ይህ ነበር። የስክሪኑን ቀለም ደግሞ በዓይን ግምት ከማስተካከል ይልቅ በስክሪኑ ላይ በሚለጠፈው መለኪያ መሣሪያ ለክቶ ፕሮፋይል ማሠራት ይሻላል፤ ስክሪን በጊዜ ብዛት ስለሚለወጥ ልኬቱን መደጋገም ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ማተሚያውን ይመርምር። ፕሮፋይሉ ለሚታተምበት ወረቀትና ለሚገባው ቀለም የተሠራ ይሁን፤ ለሚያብለጨልጭ ወረቀት የተሠራው ለሻካራ ወረቀት አይሆንም። ቀለሙን የሚተረጕመው አንድ ብቻ ይሁን፤ ወይ ሥዕሉ የተሠራበት ፕሮግራም፣ ወይ ማተሚያው። ሁለቱ ተደራርበው ካረሙት ሁለት አስተርጓሚ በአንድ ጊዜ እንደሚናገርበት ስብሰባ ይሆናል። የቀለም መርጫው ቀዳዳ ተደፍኖ እንደ ሆነም ይታይ። ከሁሉም በላይ ግን የለንደንና የቪየናን ክር የመሰለ ምስክር ያቅርብ፤ ቀለሙ ትክክል መሆኑ የታወቀ አንድ የመፈተኛ ሥዕል በዚያው ማተሚያ ያሳትም። ያ ሥዕል ደኅና ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ በራሱ ፋይል ወይም ስክሪን ነው፤ ተበላሽቶ ከወጣ ግን ያን ጊዜ አታሚውን ቢጠይቅ ፍርድ አላጓደለም።

ወደ ባለታሪካችን እንመለስ። ሼቭረል በ1826 ዓ.ም. የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1830 ዓ.ም. በመምህሩ በቮክለን እግር ተተክቶ በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1857 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሣዊ ማኅበር ኮፕሊ የተባለውን ከፍተኛ ሜዳሊያ ሰጠው። ከ1863 እስከ 1879 ዓ.ም. የሙዚየሙ ዲሬክተር ነበረ። በ1871 ዓ.ም. መጀመሪያ የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን ከቦ መድፍ ሲተኵስ ጥይቱ በሙዚየሙ ግቢ ላይ ወደቀ፤ የ84 ዓመቱ ሽማግሌ ግን ቦታውን አልለቀቀም፤ የዕውቀት ቤት መመታቱንም በጽሑፍ ተቃወመ።

በዚህ ሁሉ ማዕርግ መካከል ለራሱ የመረጠው መጠሪያ የፈረንሳይ ተማሪዎች ሽማግሌ የሚል ነበረ። መቶ ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በነሐሴ 1886 ዓ.ም.፣ ፈረንሳይ በሙሉ በዓል አደረገችለት። ታዋቂው ፎቶግራፍ አንሺ ናዳር ከልጁ ጋር ሆኖ መቶ ዓመት የሞላውን ሰው ሲያነጋግረው፣ ልጁ ጳውሎስ ናዳር ንግግሩን በተከታታይ ፎቶግራፍ አነሣው፤ ይህም በፎቶግራፍ የተደገፈ የጋዜጣ ቃለ ምልልስ መጀመሪያ ነው ይባላል። በሥዕሎቹ ላይ ነጭ ጠጕሩ የተንጨባረረ ሽማግሌ እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳ ይታያል፤ በመቶ ዓመቱም ገና ያስተምራል።

ሼቭረል በሚያዝያ 9 ቀን 1889 ዓ.ም. በ102 ዓመቱ ዐረፈ። የተወለደው ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በዙፋኑ ሳለ ነው፤ የሞተው አብዮቱ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የኤፍል ግንብም ከተመረቀ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። በግንቡ ዙሪያ ከተጻፉት የ72 ሊቃውንት ስሞች አንዱ የእሱ ነው። የቀለሙ ክበብ ክፍሎችም 72 መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ደስ ያሰኛል።

ከዚህ ሕይወት ለእኛ ለወጣቶች የሚተርፈው ምንድን ነው? በ1824 ዓ.ም. በጎብለን ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ ቀለም ነካሪዎች ነበሩ። እጃቸው በጋን ውስጥ ሲጠቍር የሚውል ሠራተኞች ናቸው። አለቃቸው ጥቂት ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ባልሠሩት ጥፋት በተቀጡ ነበር፤ ጥቁሩም ክር ከቅጣቱ በኋላ እንደ ወትሮው ደብዝዞ በታየ ነበር። ከትምህርት ቤት ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የተሰጠን ሁሉ፣ አንድ ቀን በእጃችን ሥር ባለ ሰው ሥራ ላይ መፍረዳችን አይቀርም። በዚያ ቀን ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት እናስታውስ። እኛም በበኩላችን ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ወደዚያ ማተሚያ ቤት ሄደን ሽማግሌውን አታሚ ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። እሳቸው ነገሩን ረስተውት ኖሮ ሣቁብን፤ የሚቀጥለውንም ሥራችንን በቀን እንድንሠራው መክረው አሰናበቱን።